የውሃ ወፎችን ቀለብ ማን ይሰፍራል?

ለገጠር ትምህርት ቤት ተማሮችና ወላጆች የተደረገ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ስለ ረግረግ መሬትና በረግረግ ስለሚኖሩ ወፎች ጥቂት ቃል ለመናገር ነው። ነገሩ ስለ ወፍ ቢመስልም ስለ ሰው ነው፤ ይኸውም ለሁሉ የሚጠቅመውን ነገር አንዱ ብቻ እንዲሸከመው ማድረግ ተገቢ ነውን? የሚል ጥያቄ ነው።

ይህን ጥያቄ ያነሣብኝ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጸሐፊ ሆኜ በማገለግልበት መሥሪያ ቤት፥ በአንድ ጨፌ ዳር የሚኖሩ ሰዎች ጨፌውን በቦይ እንዳያደርቁት የሚከለክል ደብዳቤ ተጽፎ ነበር፤ የጻፍሁትም እኔ ነበርሁ። ሽማግሌው ሲነበብላቸው እስከ መጨረሻው በጸጥታ ሰሙና፥ «ወፏ የእግዜር ናት፥ ውሃውም የሁሉ ነው ትላላችሁ፤ መልካም። ታዲያ ቀለቧን የምሰፍርላት እኔ ብቻ የሆንሁት በምን ዕዳዬ ነው?» አሉ። መልስ አጣሁ። ቅኔ ቤት ሳለሁ በመምህሬ ፊት ቆሜ መልስ ያጣሁበት ቀን ጥቂት አይደለም፤ ነገር ግን እንደዚያ ቀን ያፈርሁበት የለም። ከዚያ ወዲህ ይህን ጥያቄ ሌላ አገር እንዴት እንደ መለሰው ስፈልግ፥ በአሜሪካ የተደረገውን አገኘሁ። የምነግራችሁ እርሱን ነው። ዘመኑን ሁሉ የምጠራው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ መሬቱን በሄክታር ስናገርም አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል መሆኑን አስቡ።

በመጀመሪያ ረግረግ ምን እንደሚሠራ እንመልከት። ረግረግ ሥራ የፈታ መሬት ይመስላል፤ በሬ አይገባበትም፥ እግር ይውጣል፥ ትንኝ ያፈላል። ነገር ግን ዝናብ ሲዘንብ ውሃውን ተቀብሎ የሚያቆየው፥ ጎርፉን የሚያበርደው፥ የተሸከመውን አፈር የሚያስጥለው፥ በበጋም ምንጩንና ጕድጓዱን የሚመግበው እርሱ ነው። ለወፎች ደግሞ ማጀታቸው ነው። እናት ዳክዬ እንቁላል ከመጣሏ በፊት ጥሬ ብቻ ለቅማ አትጠግብም፤ የእንቁላሉ አካል የሚሠራው በውሃ ውስጥ ከሚርመሰመሱት ትላትልና ቀንድ አውጣዎች ነው። ረግረጉ ከደረቀ ወፏ ብትኖርም ልጅ የላትም።

በሰሜን አሜሪካ መካከል፥ የተባበሩት መንግሥታት ከሚባሉት ውስጥ በሰሜን ዳኮታ፥ በደቡብ ዳኮታ፥ በሚኒሶታ፥ በአዮዋና በሞንታና፥ ከዚያም ተሻግሮ በካናዳ፥ እጅግ ሰፊ የሣር ሜዳ አለ። ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት በዚያ ላይ ተኝቶ የነበረው የበረዶ ግግር ሲቀልጥ መሬቱን አጎድጕዶት ሄደ። ከላይ ሆኖ ለሚያየው እንደ እንጀራ ዐይን ነው፤ በያንዳንዱም ዐይን ውሃ ይተኛል። ከሰሜን አሜሪካ ዳክዬዎች ከግማሽ የሚበልጡት የሚፈለፈሉት በዚህ ሜዳ ነው። ይህ መሬት ታዲያ የንጉሥ ደን አይደለም፤ ከብዙ በጥቂቱ በቀር የገበሬ ርስት ነው። በጠቅላላውም በአሜሪካ ከቀረው ረግረግ ከአራት እጅ ሦስቱ ያህል የሚገኘው በግል ባለርስቶች መሬት ላይ ነው።

ያ ረግረግ እንዴት ጠፋ? የሽማግሌውን ጥያቄ የሚያስታውስ ሰው ይህን ክፍል ልብ ብሎ ይስማ። በ1849፥ በ1850ና በ1860 የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣቸው ሕጎች፥ 26 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ረግረግ አድርቀው ለእርሻ ያውሉት ዘንድ ለ15 ግዛቶች ሰጠ። ረግረግ የበሽታ መነሻና የማይረባ መሬት ተብሎ ስለ ተቈጠረ፥ ያደረቀ ሁሉ እንደ አልሚ ይመሰገን ነበር። በኋላም መንግሥት ራሱ ገንዘብና ባለሙያ እየሰጠ ገበሬውን ቦይ አስቈፈረው፤ የሸክላ ቧንቧም ከመሬት በታች አስቀበረው። በ1780ዎቹ 89 ሚሊዮን ሄክታር ያህል ይሆናል ተብሎ የተገመተው ረግረግ በ1980ዎቹ ወደ 42 ሚሊዮን ወረደ። ሁለት መቶ ዓመት ሙሉ፥ ሌሊትም ቀንም ሳይቋረጥ፥ በየሰዓቱ ከ24 ሄክታር በላይ ማለት ከግማሽ ጋሻ የሚበልጥ ረግረግ ጠፋ ማለት ነው። ገበሬው ቦዩን የቈፈረው ትናንት ተመስግኖና ተከፍሎት ነው፤ ዛሬ ብቻውን እንደ ጥፋተኛ ቢቆም ፍርዱ ቅን አይሆንም።

የ1930ዎቹ ድርቅ በመጣ ጊዜ የቀረው ውሃም ነጠፈ፤ ሜዳው አቧራ ሆኖ ተነሣ፤ ዳክዬውም እጅግ አነሰ። በዚያን ጊዜ በአዮዋ ግዛት ለጋዜጣ ሥዕል እየሣለ ሹማምንትን የሚነቅፍ ጄይ ኖርዉድ ዳርሊንግ የሚባል ሰው ነበር። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1934 የዱር አእዋፍና አራዊት ጕዳይ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት እንዲመራ ሾሙት። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር አንድ ሕግ ወጣ፤ ሕጉም ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው ዳክዬ አዳኝ ሁሉ በየዓመቱ አንድ ቴምብር ገዝቶ እንዲይዝ ያዝዛል። የመጀመሪያውን ቴምብር ሥዕል፥ ወደ ውሃ የሚወርዱ ሁለት ዳክዬዎችን፥ የሣለው ዳርሊንግ ራሱ ነው። ዋጋው 1 ዶላር ነበር፤ በመጀመሪያው ዓመትም ከ635 ሺህ በላይ ተሸጠ። ከ2015 ጀምሮ ዋጋው 25 ዶላር ሆኗል።

የዚህን ሕግ ብልሃት ተመልከቱ። ከቴምብሩ ከሚገኘው ከያንዳንዱ ዶላር 98ቱ ሳንቲም ለወፎቹ ማደሪያ የሚሆን መሬት ለመግዛትና ለመከራየት ይውላል። በዚህም ገንዘብ እስከ ዛሬ ከ2 ሚሊዮን 400 ሺህ ሄክታር በላይ ማደሪያ ተጠብቋል። ወፏን የሚያድናት ሰው ቀለቧን ይከፍላል ማለት ነው። አዳኙ መክፈሉን አልጠላውም፤ ረግረጉ ከሌለ ዳክዬው እንደሌለ ያውቃልና።

ነገር ግን መንግሥት መሬቱን ሁሉ ገዝቶ ሊጨርስ አይችልም፤ ገበሬውም ርስቱን ሊሸጥ አይወድም። ስለዚህ በ1958 ሕጉ ተሻሽሎ ሌላ መንገድ ተከፈተ፤ ይኸውም የጥበቃ ውል ነው። በዚህ ውል መሬቱ ከባለቤቱ አይወሰድም፥ ስሙም ከመዝገብ አይፋቅም። መንግሥት የሚገዛው ረግረጉን የማድረቅ፥ የመድፈንና የማቃጠል መብቱን ብቻ ነው። ገበሬው ዋጋውን አንድ ጊዜ ይቀበላል፤ መሬቱን ለልጁ ማውረስ ወይም መሸጥ ይችላል፤ ውሉ ግን ከመሬቱ ጋራ ይሄዳል። ውሃው በራሱ ጊዜ በደረቀበት ዓመት ገበሬው እዚያው ቢያርስ፥ ቢያጭድ ወይም ከብት ቢያሰማራ አይከለከልም። የተከለከለው በእጁ ማድረቁ ነው።

በ1985 ደግሞ ምክር ቤቱ የእርሻ ሕግ ሲያወጣ፥ ረግረግ አድርቆ እህል የሚዘራ ገበሬ ከመንግሥት የሚያገኘውን የእርሻ ድጎማ እንዲያጣ ደነገገ። ይህ ቅጣት አይደለም፤ መንግሥት በአንድ እጁ የሚጠብቀውን በሌላ እጁ ለማጥፋት እንዳይከፍል ማድረግ ነው። በ1990 የረግረግ ማቆያ ሥራ በእርሻ ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ በ2014ም ከሌሎች የጥበቃ ውሎች ጋራ ተጠቃልሎ ታደሰ። ደንቡ እንደሚከተለው ነው። ባለርስቱ ለዘለዓለም ውል ቢገባ መንግሥት የውሉን ዋጋ በሙሉ ይከፍለዋል፤ ረግረጉን ለመመለስ ከሚወጣውም ወጪ ከመቶው ከ75 እስከ 100 ያህሉን ይችላል። ለ30 ዓመት ብቻ ቢገባ ግን ዋጋውም ሆነ የወጪው እርዳታ ከመቶው ከ50 እስከ 75 ይሆናል። መሬቱን ገዝቶ ወዲያው ውል ሽጦ የሚያተርፍ ነጋዴ እንዳይገባበትም፥ አመልካቹ ቢያንስ 24 ወር የመሬቱ ባለቤት ሆኖ የቆየ መሆን አለበት። ሰው ወደ መሬቱ እንዳይገባ የመከልከል፥ በዚያም ላይ የማደንና ዓሣ የማጥመድ መብት የባለርስቱ ሆኖ ይቀራል።

ለዘለዓለም መታሰር የሚያስፈራው ገበሬም አለ፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ለእርሱ በ1987 የተጀመረ ሌላ እርዳታ አለ፤ የዓሣና የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት ባለሙያውን ያለ ክፍያ ይልክለታል፥ ከወጪውም ይካፈለዋል፤ ገበሬው ደግሞ የተሠራውን ቢያንስ 10 ዓመት ሊጠብቅ ይፈርማል። በ1989 በወጣው የረግረግ ጥበቃ ሕግም መንግሥት ከሚሰጠው ከያንዳንዱ ዶላር አንጻር ማኅበራት፥ ግዛቶችና በጎ አድራጊዎች ቢያንስ አንድ ዶላር እንዲያዋጡ ተደርጓል። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት ይህ አይደለምን?

ገንዘብ ብቻውን ግን ረግረግን አይመልስም። ከኪሱ ገንዘብ የተሰጠው፥ ጥበቡ ግን ያልተነገረው ገበሬ ዕውር ኩሬ ቈፍሮ ይቀራል። ስለዚህ ባለሙያው ወደ እርሻው ሲመጣ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ በልጅነትህ ውሃው የት ይተኛ ነበር? ይለዋል። ቀጥሎ አፈሩን ይቈፍራል። ለረጅም ዘመን ውሃ የተኛበት አፈር ግራጫ ይሆናል፤ ዝገት የመሰለ ነጠብጣብም ይታይበታል። ሰው ረግረጉን ቢረሳው አፈር አይረሳውም። ከዚያ በኋላ የተቀበረው ቧንቧ ይሰበራል፤ ቦዩም በተጠቀጠቀ አፈር ይደፈናል፤ በስፍራው ሳንቃ እየተጨመረና እየተነሣ የውሃውን ከፍታ የሚወስን መዝጊያ ይሠራል።

ከፍታውን መወሰን የሥራው ሁሉ ራስ ነው። ውሃ በበዛ ቍጥር ወፍ ይበዛል ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። ራሱን ዘቅዝቆ የሚለቅም ዳክዬ ከ25 ሴንቲሜትር የሚጠልቅ ውሃ አይመቸውም፤ በጭቃ ዳር እየተራመዱ የሚመገቡት ትንንሾቹ ወፎች ደግሞ ከ10 ሴንቲሜትር በታች ይሻሉ። ስለዚህ በጸደይ ሳንቃው አንድ በአንድ እየተነሣ ውሃው በዝግታ ይወርዳል፤ በተገለጠው ጭቃ ላይ ሣሩ በቅሎ ያፈራል፤ በመከር ውሃው ሲመለስ ፍሬው ለመንገደኛው ወፍ ስንቅ ይሆነዋል። ደግሞም ብዙዎቹ ዳክዬዎች ጎጇቸውን የሚሠሩት በውሃው ውስጥ ሳይሆን በዙሪያው ባለው ሣር ውስጥ ነው። ሣሩ ጫጩቶቹ ከመፈልፈላቸው በፊት ከታጨደ ውሃው መኖሩ አይረባቸውም። ማጨዱን ጥቂት ሳምንት ማዘግየት ለገበሬው ትንሽ ነገር ነው፤ ለወፏ ግን የዓመት ዘሯ ነው።

አንድ ሌላ ምሳሌ ልጨምር። በካሊፎርኒያ ግዛት ማዕከላዊ ሸለቆ በሚባለው ስፍራ ከጥንቱ ረግረግ ከመቶው ከ90 የሚበልጠው ጠፍቷል፤ በሰሜኑ ክፍል ብዙ ሩዝ ይዘራል። ገበሬዎቹ ከአዝመራ በኋላ ገለባውን ያቃጥሉት ነበር፤ ጢሱ ሕዝቡን ስላስቸገረ በ1991 ማቃጠሉ ቀስ በቀስ እንዲቀር ሕግ ወጣ። እነርሱም ገለባውን በክረምት ውሃ አጥለቅልቀው ማበስበስ ጀመሩ፤ ወዲያውም ዳክዬና ዝይ እንደ ደመና ወረዱበት። በ2014 ደግሞ አንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት አዲስ ዘዴ አመጣ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሚሰበሰበውን፥ ተራ ሰዎች ወፍ ባዩ ጊዜ የሚልኩትን ቃል ተመልክቶ፥ ወፎቹ በየትኛው ሳምንት በየት እንደሚያልፉ ዐወቀ። ከዚያም ገበሬዎቹን፥ «ማሳችሁን በነዚህ ሳምንቶች ብቻ በጥቂት ሴንቲሜትር ውሃ ብታቆዩልን ስንት ትጠይቃላችሁ?» አላቸው። እያንዳንዱ ዋጋውን ራሱ ጻፈ፤ ለወፍ የሚስማማና ዋጋው የቀለለ ማሳ ተመረጠ። በመጀመሪያው ዘመን 4 ሺህ ሄክታር ያህል ማሳ በዚህ መንገድ የወፎች ማረፊያ ሆነ። ገበሬው መሬቱን አልሸጠም፥ ሩዙንም አልተወም፤ ያከራየው ውሃ የያዘ ማሳውን ለጥቂት ሳምንት ነው።

ፍሬውስ ምንድን ነው? በ2019 በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እንደሚለው፥ ከ1970 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ የወፎች ቍጥር በ3 ቢሊዮን ያህል ቀንሷል። የሣር ሜዳ ወፎች ከግማሽ በላይ አልቀዋል። በዚያው ዘመን የዳክዬና የዝይ ወገን ግን ከመቶ 56 ጨመረ። አየሩ አንድ፥ አገሩም አንድ ነው፤ ለአንዱ ወገን ቀለብ የሚሰፍር ሕግና ገንዘብ ነበረው፥ ሌላው ግን አልነበረውም። የዳክዬው መጨመር ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አልልም፤ የአደን ሥርዐትም ረድቷል፥ የዝናቡም ሁኔታ አለበት። ነገር ግን ትልቁ ምክንያት የረግረጉ ጥበቃ መሆኑን ጥናቱን የሠሩት ሊቃውንት ይመሰክራሉ።

ሥራው አልቋል ብላችሁ ደግሞ አትመኑ። የእህል ዋጋ በተወደደ ጊዜ የጥበቃው ክፍያ ያንሳል፤ ገበሬውም ወደ ማረሻው ይመለሳል። በ2023 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰጠው ፍርድ፥ ከወንዝና ከሐይቅ ጋራ በገሃድ ያልተያያዘ ረግረግ በአገሪቱ የውሃ ሕግ እንዳይጠበቅ ሆኗል። እነዚያ የእንጀራ ዐይን የመሰሉ ኩሬዎችም አብዛኞቹ ከዚህ ወገን ናቸው። ሕጉ ባሳነሰ መጠን የገበሬው ፈቃድ ይከብዳል፤ ፈቃዱም የሚገኘው በተገባው ዋጋና በመልካም ምክር ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ባገራችን ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፥ አይለወጥም፤ ገበሬው ያለው የመያዝና የመጠቀም መብት ነው። ስለዚህ የአሜሪካው ባለርስት ውል እንዳለ ተገልብጦ አይመጣልንም፤ መገልበጥም አይገባም። ነገር ግን የነገሩ ሥር ለኛም ይሆናል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በበርጋ ጨፌ፥ በሊቃውንት ዘንድ ሳሮትሩራ አይሬሲ የምትባል፥ ክንፏ ነጭ የሆነ ትንሽ ወፍ ትኖራለች። በዓለም እጅግ ጥቂት ከቀሩት ወፎች አንዷ ናት፤ ጎጆ ሠርታ እንደምትፈለፍል ከታወቀባቸው ጥቂት ስፍራዎችም አንዱ ይህ ጨፌ ነው። ጨፌውን የሚያሰማሩበትና ሣሩን የሚያጭዱት ያገሩ ሰዎች ናቸው። እነርሱም ወፏን ለመጠበቅ በማኅበር ተደራጁ፤ ከኢትዮጵያና ከደቡብ አፍሪካ የመጡ የወፍ ጥበቃ ማኅበራትም ለልጆቻቸው ትምህርት ቤት እንዲሠራላቸው ረዱ። ወፏ ለሰፈሩ ትምህርት ቤት አመጣች፤ ሰፈሩም ለወፏ ማደሪያ አቆየ።

ልጆቼ ሆይ፤ ለእናንተ የምሰጠው ሥራ ትንሽ ነው። በሰፈራችሁ ጨፌ ካለ በየወሩ አንድ ቀን ሄዳችሁ ውሃው እስከ የት እንደ ደረሰ፥ ምን ዓይነት ወፍ ስንት ሆኖ እንደ ታየ፥ በየትኛው ወር እንደ መጣና እንደ ሄደ በደብተር ጻፉ። የካሊፎርኒያው ብልሃት የተገኘው እንደዚህ ካለ ጽሑፍ ነው። አባቶቻችሁንም ውሃው ዱሮ የት ይተኛ እንደ ነበር ጠይቁ። የሚረዳ ሰው በመጣ ጊዜ መዝገብ ያለው ሰፈር ይሰማል፤ መዝገብ የሌለው ግን ይለምናል።

እናንተም በየመሥሪያ ቤቱ እንደኔ ብዕር የያዛችሁ ወንድሞቼ፥ «እንዳታደርቁ» የሚል ደብዳቤ ስትጽፉ ከግርጌው ሁለት ነገር ይጨመርበት ዘንድ አለቆቻችሁን ጠይቁ፤ ገበሬው ለሚያጣው ምን እንደሚያገኝ፥ ደግሞም ጥበቡን ማን መጥቶ እንደሚያሳየው። እኔ የጻፍሁት ደብዳቤ ሁለቱም አልነበሩበትም። ሽማግሌው በሕይወት አሉ፤ ጨፌውን ዛሬም አላደረቁትም፤ የጥያቄያቸው መልስ ግን እስከ ዛሬ በኛ ላይ ዕዳ ሆኖ ይኖራል።